ነፋስ ስለ ወሰደው ጣራ

ሰው ቤት በሚሠራበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መሠረቱ ነው። መሠረቱ የጸና እንደ ሆነ ግድግዳው ይቆማል፤ ግድግዳው የቆመ እንደ ሆነ ጣራው ይከደናል። ጣራው ከተከደነ በኋላ ግን ባለቤቱ ቀና ብሎ የሚመለከተው ውሃ ያንጠባጠበ ዕለት ብቻ ነው። የውልም ነገር እንዲሁ ነው። ተነቦም ሆነ ሳይነበብ ከተፈረመ በኋላ ከሣጥን ይገባል፤ ከገባም በኋላ ችግር ካልቀሰቀሰው በቀር የሚያወጣው የለም። ጣራቸውና ውላቸው በአንድ ቀን ነፋስ የተገለጠባቸው የአንድ ሽማግሌ ነገር ለብዙ ባለ ቤቶች ትምህርት የሚሆን ስለ ሆነ እንደሚከተለው ይነገራል።

እኒህ ሽማግሌ በአዲስ አበባ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር የሚኖሩ ናቸው። 31 ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሹም ሆነው አገልግለው በጡረታ ተሰናብተዋል። በሥራቸው ዘመን ባለጉዳይ ወረቀት ይዞ ሲመጣ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ያገላብጡት ነበር። ማኅተም የጎደለው ወይም ቀን ያልተጻፈበት ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ «አልተሟላም፤ አሟልተህ ተመለስ» ብለው ይመልሱታል። ባለጉዳዩም ከሩቅ አገር የመጣ ቢሆን፣ ስንቁንም የጨረሰ ቢሆን፣ ቃላቸው አይለወጥም። ይህን የሚያደርጉት በክፋት አልነበረም፤ ሥርዓት የሚጸናው እንዲህ ነው ብለው ከልብ ስለሚያምኑ ነበር።

ቤታቸው ከአባታቸው የወረሱት፣ በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ተሠርቶ በጭቃ የተመረገ፣ በቆርቆሮ የተከደነ ቤት ነው። በጓሮው በኩል አባታቸው በወጣትነታቸው የተከሉት አንድ ታላቅ ባሕር ዛፍ ቆሞ ነበር። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ የአዲስ አበባን የማገዶና የቤት መሥሪያ ችግር ያቃለለ ባለውለታ ዛፍ መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል። ነገር ግን አርጅቶና ረዝሞ በቤት አጠገብ የቆመ እንደ ሆነ፣ ምድሩም በዝናብ የራሰ እንደ ሆነ፣ ለነፋስ የተጋለጠ ይሆናል። ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው ይህን ተመልክታ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይህ ዛፍ ወደ እኛ ያጋደለ ይመስለኛል፤ ክረምት ሲመጣ እፈራለሁ» ብላቸው ነበር። እሳቸውም «አባቴ የተከሉትን ዛፍ በየትኛው እጄ እቆርጠዋለሁ?» ብለው መለሱላት። ነገሩም በዚሁ ቀረ።

በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ የበልጉ ዝናብ በበረታበት ሰሞን፣ ከቀኑ በ10 ሰዓት ገደማ የእንጦጦ ራስ በጥቁር ደመና ተሸፈነ። ጥቂት ቆይቶ ነፋሱ ቁልቁል ወረደ፤ ከነፋሱም ኋላ በረዶ ተከተለ። በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ በረዶ ድምፁ እጅግ የበረታ ስለ ሆነ ባልና ሚስት በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው መነጋገር አልቻሉም። በመጀመሪያ የጣራው ጉልላት ተነሣ፤ ቀጥሎም ሚስማሩ የላላው ቆርቆሮ እንደ ወረቀት እየተጠቀለለ ወደ ጎረቤት ግቢ በረረ። ከዚህ በኋላ ምድሪቱ ተንቀጠቀጠች፤ ያ ታላቅ ባሕር ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ ወደቀ። ግንዱ የመኝታ ቤቱንና የእልፍኙን ጣራ ደቆሰ፤ ጫፉ አጥሩን ተሻግሮ የጎረቤቲቱን ማድ ቤት ከነምጣዱ አፈረሰ። ሴቲቱ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድግ ነበረች። በዚያች ሰዓት ጤፍ ለማስፈጨት ወፍጮ ቤት ሄዳ ስለ ነበረ ነፍሷ ተረፈ።

ዝናቡ ባባራ ጊዜ የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ። የእድሩ ጎልማሶች ለልቅሶ የሚተከለውን ድንኳን ከዕቃ ቤት አውጥተው በተገለጠው ጣራ ላይ ዘረጉት፤ በገመድም ጠፍረው አሰሩት። ሰው ያልሞተበት ድንኳን በቤት ጣራ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነበረ። ማንም ወረቀት አልጠየቀም፤ ማንም ማኅተም አላለም። ነገር ግን የእድር ድንኳን ለሳምንት ይሆናል እንጂ ክረምት አያሳልፍም፤ ክረምቱ ሊገባ ደግሞ የቀረው ከሁለት ወር ያነሰ ነበረ። ጡረታቸው ከወር እስከ ወር በጭንቅ የሚያደርስ ስለ ሆነ ጣራ የሚያስከድን ገንዘብ በእጃቸው አልነበረም።

በዚያች ሌሊት ባለቤታቸው የሚያንጠባጥበውን ውሃ በሳፋና በድስት እየተቀበሉ ሳሉ «የመድኑ ወረቀት ከሣጥኑ ውስጥ የለምን?» ብለው አስታወሱ። ወረቀቱ በእርግጥ ነበረ። በ2006 ዓ.ም. ሽማግሌው ልጃቸውን ለማስተማር ቤታቸውን በመያዣነት ሰጥተው ከባንክ በተበደሩ ጊዜ፣ ባንኩ ቤቱ መድን እንዲገባለት ግድ ብሏቸው በ800,000 ብር ተዋውለው ነበር። ዕዳው በ2010 ዓ.ም. ተከፍሎ ቢያልቅም ሥርዓት ወዳድ ሰው ስለ ሆኑ ውሉን በየዓመቱ ማደሱን አልተዉም። የመድን መጠኑ ግን ያው እንደ ጥንቱ ነበረ። አንድ ጊዜ ጸሐፊው «የዕቃው ዋጋ ጨምሯል፤ መጠኑን ከፍ ብናደርገውስ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ዓመታዊው ክፍያ፣ ማለት አረቦኑ፣ እንደሚጨምር ሲሰሙ «ይቆይ» ብለው ነበር።

መድን ማለት ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው፣ ከመካከላቸው አደጋ የደረሰበትን ከተዋጣው ማቋቋም ነው። እድርም በመሠረቱ ይኸው ነው። ልዩነቱ እድር በትውውቅና በይሉኝታ ሲቆም መድን በጽሕፈትና በሕግ መቆሙ ነው። በ1898 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአቢሲንያ ባንክ ለውጭ አገር ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ያዋውል ነበር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የንግድ ሕግ ደግሞ የመድን ውል እንዴት እንደሚታሰር በሰፊው ደነገገ። በ1967 ዓ.ም. የመድን ኩባንያዎች ሁሉ ወደ መንግሥት ተወረሱ፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ለግል ኩባንያዎች እንደ ገና ተፈቀደ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ መኪናውን በመድን የሚያስጠብቅ ብዙ ሰው ቤቱን ያለ መድን ይተዋል። ምክንያቱም መኪና ሲጋጭ በየቀኑ ይታያል፤ ቤት ግን የሚወድቅ አይመስልም።

በማግሥቱ ማለዳ ሽማግሌው ወደ መድን ሰጪው መሥሪያ ቤት ሄዱ። መሄዳቸውም መልካም ሆነ፤ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሳይዘገይ ማስታወቅ ግዴታው ነውና። የተቀበለቻቸው ጸሐፊ የልጅ ልጃቸውን የምታህል ወጣት ነበረች። የካሳ መጠየቂያውን ቅጽ ሰጠቻቸው። ከዚህ ጋር የውሉን ቅጂ፣ የቤቱን የባለቤትነት ማስረጃ፣ ከወረዳው አስተዳደር ስለ አደጋው የተጻፈ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍና የጠጋኝ ዋጋ ግምት እንዲያቀርቡ፣ የወደቀውንም ቆርቆሮ መርማሪ ሳያየው እንዳይጥሉ ነገረቻቸው። በሦስተኛው ቀን ሁሉን ይዘው ቀረቡ። ወጣቲቱ ወረቀቱን አንድ በአንድ አገላብጣ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የወረዳው ደብዳቤ ቀን አልተጻፈበትም። አሟልተው ይመለሱ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆሙ። ቃሉ የራሳቸው ቃል ነበረ። ከውጭ ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ከቤታቸው እስከዚያ ድረስ በሁለት ታክሲ ነው የመጡት። በዚያች ሰዓት በ31 ዓመት ውስጥ ከመስኮታቸው የመለሷቸው ሰዎች ፊት ይታያቸው ጀመር። ነገር ግን ደግመው ባሰቡት ጊዜ ልጅቱ እንዳልበደለቻቸው ዐወቁ። ቀን የሌለው ደብዳቤ የትኛውን ነፋስ እንደሚመሰክር አይታወቅምና። ስለዚህ በትሕትና «ልክ ነሽ ልጄ» ብለው ወጡ። ሥርዓቱ ትክክል ነበረ። ቢሆንም «ተመለስ» የሚለው ቃል ከመስኮቱ ወዲያና ከመስኮቱ ወዲህ ሲሰማ አንድ እንዳይደለ ያን ቀን ተማሩ።

ቀጥሎ የመጣው ፈተና የግምቱ ነገር ነው። የተጠራው አናጢ ቤቱን ዞሮ ካየ በኋላ 300,000 ብር የሚያወጣ ዝርዝር ጻፈ። ሽማግሌው ዝርዝሩን ሲያነቡ የገዛ ማድ ቤታቸው ቆርቆሮ በ60,000 ብር ገብቶ አገኙት። ያ ቆርቆሮ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ዝጎ ያፈስ የነበረ ነው፤ ነፋሱም አልነካው። አናጢው ግን «ጋሼ፣ ማን ያውቃል? አንድ ላይ ይከደናል፤ ኩባንያው እንደሆነ ሀብታም ነው» አላቸው። እንዲህ ያለው ነገር በብዙ ሰው አፍ የሚነገር ነው። ነገር ግን የኩባንያው ገንዘብ የሚባለው ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሌላው ባለ ቤትና ባለ ሱቅ ያዋጣው አረቦን ነው። ከእድር ሣጥን የሌለ ልቅሶ ጠርቶ ገንዘብ የሚወስድ ሰው ቢገኝ ሰፈሩ ሁሉ ሌባ ይለዋል፤ ከመድን ሣጥን ሲወስድ ግን ብልህ ይባላል። ልዩነቱ የተሰረቁትን ሰዎች አለማወቁ ብቻ ነው። ከዚህም በቀር ዝገትና እርጅና ቀስ በቀስ የሚያደርሱት ጉዳት በቤት መድን እንደማይካስ፣ የሐሰት ጥያቄም እውነተኛውን ጭምር እንደሚያሳጣ በውሉ ተጽፎ ይገኛል። ሽማግሌው የ60,000 ብሩን መስመር በገዛ እጃቸው ሰረዙ፤ ጥያቄውም 240,000 ብር ሆነ።

ከአሥር ቀን በኋላ ጉዳት ገማቹ መጣ። ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፤ የተነቀለውን ሥር፣ የተሰበረውን ማገር፣ የተጠቀለለውን ቆርቆሮ ሁሉ ፎቶግራፍ አነሣ። ጎረቤቲቱም በፈረሰው አጥር በኩል ቆማ ትመለከት ነበር። በመጨረሻ መዝገቡን ከፍቶ «ይህ ዛፍ አስቀድሞ ያጋደለ ነበርን? አደገኛ መሆኑንስ የነገረዎ ሰው ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

ይህ ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። መድን የገባ ሰው አደጋን የሚያበረታ ነገር ያወቀ እንደ ሆነ ለመድን ሰጪው ማስታወቅ ይገባዋል። ስለዚህ «አዎን» ቢሉ ካሳው ሊቀርባቸው እንደሚችል ሽማግሌው ተረድተውታል። ከትናንት ወዲያ ማታ ባለቤታቸው «የዛፉ ነገር ባይነሣ ምናለበት?» ብለዋቸው ነበር። እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ጎረቤቲቱ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ «ልጄ፣ ዛፉ ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር፤ እኔም አጠገቡ የምኖረው ምንም ያየሁት ነገር የለም» አለች።

ሽማግሌው ወደ እርሷ ተመለከቱ። ማድ ቤቷ የፈረሰባት፣ ምጣዷ የተሰበረባት፣ ካሳ የሚሰጣት ውል የሌላት እርሷ ናት፤ ምክሯን ያልሰሙት ደግሞ እሳቸው ናቸው። አሁን እሳቸውን ለማዳን ብላ የተናገረችውን እውነተኛ ቃል ራሷ ካደችው። ከዚህ የበለጠ እፍረት አልመጣባቸውም። «ልጄ» አሉ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «ጎረቤቴ ይህን የተናገረችው ለእኔ አዝና ነው። ዛፉ ያጋደለ መሆኑን ባለፈው ዓመት ነግራኛለች፤ እኔ ግን አልሰማኋትም። እንደዚሁ አድርገህ ጻፈው።» ገማቹ ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ ቃላቸውን ጻፈ፤ አንብቦላቸውም አስፈረማቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አምስት ሳምንት ሙሉ በድንኳኑ ሥር ጠበቁ። በግንቦት መጨረሻ ደብዳቤው ደረሰ። ዛፉን በተመለከተ ግንዱ ጤነኛ ሆኖ መገኘቱ፣ የተነቀለውም ምድሩ በዝናብ ርሶ ሳለ በበረታ ነፋስ መሆኑ ተጽፎ፣ ማጋደሉ ብቻውን ካሳውን የሚያስቀር ሆኖ አለመገኘቱ ተገልጿል። ነገር ግን የተፈቀደው ገንዘብ 90,000 ብር ብቻ ነበረ። ሽማግሌው ደብዳቤውን ይዘው በቁጣ ወደ መሥሪያ ቤቱ ገሠገሡ። «240,000 ብር ጉዳት ተቀብላችሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳላሳልፍ ከፍዬ፣ ይህ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ያችው ወጣት ጸሐፊ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው፤ በባዶ ወረቀትም ላይ ሒሳቡን ጻፈችላቸው። «አባባ፣ ቤትዎ በአደጋው ቀን የነበረው ዋጋ 2,000,000 ብር ተገምቷል። መድን የገቡለት ግን በ800,000 ብር ነው። እንግዲህ ከመቶ 40 እጁ መድን ነበረው፤ ለቀረው 60 እጅ መድን ሰጪው እርስዎ ራስዎ ነበሩ ማለት ነው። ስለዚህ ከ240,000 ብሩ ላይ 40 እጁ 96,000 ብር ይሆናል። በውሉ መሠረት ከማናቸውም ጉዳት የመጀመሪያውን 6,000 ብር ባለ ንብረቱ ስለሚችል የቀረው 90,000 ብር ነው» አለቻቸው።

ሽማግሌው ሒሳቡን ደግመው ደጋግመው አዩት። በእድራቸው አንዱ በወር 100 ብር፣ ሌላው 40 ብር ቢያዋጣ፣ በችግር ቀን ሁለቱ እኩል ይቀበሉ የሚል ዳኛ አይኖርም። እሳቸው «ይቆይ» ብለው ያተረፉት የአረቦን ልዩነት በዓመት ጥቂት ነበረ፤ በአንድ ቀን ነፋስ ግን ከነወለዱ ተመልሶ ሄደ። ያን የ60,000 ብር መስመር ባይሰርዙት ኖሮ እንኳ የሚጨምርላቸው 24,000 ብር ብቻ ነበር፤ በዚያች ገንዘብ ምክንያት ሁሉን ሊያጡ ነበርና ልባቸው ተረጋጋ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያሉ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ገንዘቡ በእጃቸው ከገባ በኋላ ባልና ሚስት እስከ ሌሊት ድረስ ተማከሩ። ውላቸው የራሳቸውን ቤት እንጂ የጎረቤትን ማድ ቤት አይመለከትም። ዛፉ ግን የእነርሱ ዛፍ ነበረ፤ ማስጠንቀቂያውም ለእነርሱ የተነገረ ነበረ። ስለዚህ ጠራቢ ቀጥረው የወደቀውን ባሕር ዛፍ አሰነጠቁት፤ ግንዱ ወራጅና ማገር፣ ቅርንጫፉ ማገዶ ሆነ። ከሁሉ አስቀድሞ የጎረቤቲቱ ማድ ቤት ቆመ፤ አዲስ ምጣድም ተገዛላት። በተረፈው ገንዘብ የመኝታ ቤታቸው ጣራ ተከደነ። እልፍኙ ግን በዚያ ክረምት ሳይከደን በሸራ ተሸፍኖ ከረመ፤ ልጃቸው ገንዘብ በላከ ጊዜ በዓመቱ ተጠናቀቀ። ድንኳኑም ታጥቦና ደርቆ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ተመለሰ።

ቤት ያለው ሰው ከዚህ ነገር የሚያተርፈው ትምህርት አለ። መድን የገባ እንደ ሆነ ውሉን ሳያነብ ከሣጥን አያስገባ፤ የሚካሰው ምን እንደ ሆነ፣ የማይካሰውም ምን እንደ ሆነ ይወቅ። ዋጋ በየዓመቱ በሚለወጥበት ዘመን የመድን መጠኑን በየዓመቱ ከቤቱ ዋጋ ጋር ያመዛዝን። የቤቱንና የዕቃውን ዝርዝርና ፎቶግራፍ ከቤት ውጭ በሌላ ስፍራ ያስቀምጥ፤ ጎርፍና እሳት ወረቀትንም አይምሩምና። አደጋ በደረሰ ጊዜ ፈጥኖ ያስታውቅ፤ ጉዳቱ እንዳይጨምር የሚቻለውን ይሸፍን፤ የተሰበረውን ሳይታይ አይጣል። በመጠየቂያው ላይ የሆነውን ብቻ ይጻፍ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ ዛሬ የተሸሸገ ነገር ነገ በመርማሪ ፊት መገለጡ አይቀርም፤ ባይገለጥ እንኳ ጎረቤት ያውቀዋል።

ሽማግሌው ዛሬ ውሉን ከሣጥን አውጥተው ከሰዓቱ ሥር ባለው መሳቢያ አስቀምጠውታል። በየዓመቱ መስከረም በገባ ጊዜ መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ያነቡታል። ካነበቡም በኋላ እንደ ጥንት የመዝገብ ቤት ልማዳቸው ለዚሁ ባዘጋጁት ወረቀት ላይ «ታይቷል» ብለው ይጽፋሉ፤ ቀኑንም አይረሱም። ጎረቤቲቱ በአጥሩ በኩል ስትጠራቸው ግን፣ ንባቡ ቢጋመስም፣ ወረቀቱን አስቀምጠው ይወጣሉ።